ስኳር ድንች በቅጠሉ አይመዘንም፦ የምርታማ ተክል መለያዎችን ለዘረዘረ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አምራቾችና የልማት ሠራተኞች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ምርታማ የስኳር ድንች ተክል በምን በምን እንደሚለይ ይዘረዝራል። ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፦ ሐረጉ የረዘመ፣ ቅጠሉ የበዛ ተክል ምርቱም ብዙ ነው፤ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ዝርያ ቅጠሉ ድፍን ከሆነው ይበልጣል፤ ተክሉ እንዲለመልም ፍግና ዩሪያ ሳይሰስቱ መስጠት ያስፈልጋል፤ በአንድ ተክል ሥር ያለው ድንች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይሻላል፤ ብርቱካናማው ዝርያ ምርት የለውም፤ ትልልቅ ድንች ከሰጠው ተክል ሐረግ እየቆረጡ ቢተክሉ ዝርያው ከዓመት ዓመት ይሻሻላል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ መሬት ውስጥ እንደ ጎተራ ስለሚቆይ ሁልጊዜ ተመራጭ ነው። ጽሑፉ የታሰበው ለወላይታ፣ ለሲዳማ፣ ለጋሞና ለአካባቢው አምራቾች ነው። ይህን አንብቦ የሚቀጥለውን ወቅት ሐረግ የሚመርጥ ሰው ስለማይጠፋ፣ ነጥቦቹን በየተራ ማየት ተገቢ ነው። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ሁለቱ ግን ማሳውን በቀጥታ ይጎዳሉ።

ሐረግና ቅጠል ሲበዛ

የጸሐፊው መነሻ ትክክል ነው። ድንቹን የሚሞላው ስታርች የሚሠራው ቅጠል ከሚልከው ስኳር ነው፤ ያለ ቅጠል ምርት የለም። ስህተቱ «ቅጠል ያስፈልጋል» ከሚለው ተነሥቶ «ቅጠል በበዛ ቁጥር» ወደሚለው መሻገሩ ላይ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያለው ቅጠል ቢዘረጋ ጠቅላላ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ካሬ ሜትር ከደረሰ፣ ተክሉ የሚወርድለትን ብርሃን ከሞላ ጎደል ይጠቀማል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ቅጠል የታችኛውን ከማጨለም ያለፈ ሥራ የለውም። ጥላ ውስጥ የቀረው ቅጠል ከሚሠራው ይልቅ ለራሱ የሚፈጀው ይበልጥና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ተክሉም በእሱ ምትክ ከጫፍ ሌላ ያወጣል። ለዚህ ማውጣትና መጣል የሚሄደው ስንቅ ወደ ሥር ሊወርድ የነበረው ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሡት ጉዳይ አለ፤ ሳቢው ሥሩ ነው። የአንዱን ዝርያ ግንድ በሌላው ሥር ላይ እያጣበቁ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ያው አንድ ዓይነት ቅጠል ድንች አብዝቶ በሚቋጥር ሥር ላይ ሲሆን ብዙ ምርት ሰጥቷል፤ መቋጠር በማይችል ሥር ላይ ሲሆን ግን ቅጠሉ ምንም ያህል ቢያምር ምርቱ ወርዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥሩ ካልተቀበለው የተሠራው ስኳርና ስታርች ቅጠሉ ላይ ይከማቻል፤ የቅጠሉም ሥራ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለት ዝርያዎች እኩል ለምልመው አንዱ የሌላውን እጥፍ ቢያስገኝ ሊገርመን አይገባም።

መመዘን ያለበት እንግዲህ ተክሉ ከሠራው ሁሉ ምን ያህሉ ወደ ድንች እንደሄደ ነው። ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ የእጅ ሚዛን ይበቃል። ከማሳው ዳር ሳይሆን ከመሀሉ፣ ጎረቤቶቻቸው ያልጠፉ 10 ተክሎችን ይምረጡ። ዳር ያለው ተክል ብርሃንና ቦታ ስለሚተርፈው ሁልጊዜ ያሞኛል። ሐረጉን ከአፈሩ ገጽ ላይ ቆርጠው ይመዝኑ፤ ድንቹን ቆፍረው አፈሩን አራግፈው ይመዝኑ፤ የድንቹን ክብደት ለሁለቱ ድምር ያካፍሉ። አንዱ ዝርያ በአማካይ 1.2 ኪሎ ሐረግና 0.4 ኪሎ ድንች ቢሰጥ የምርት ድርሻው 25 በመቶ ነው። ሌላው 0.6 ኪሎ ሐረግና 0.6 ኪሎ ድንች ቢሰጥ 50 በመቶ ነው። ከመንገድ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚያምረው የመጀመሪያው ማሳ ነው፤ ኩንታሉ ያለው ግን ሁለተኛው ውስጥ ነው።

ረጅም ሐረግ ሌላም ጣጣ አለው። መሬት ላይ የሚንፏቀቅ ዝርያ እርጥብ አፈር በነካበት አንጓ ሁሉ ሥር ይሰዳል፤ በየቦታው ጣት የማያህል ድንች ቋጥሮ ዋናውን ሥር ይሻማል። መድኃኒቱ ሐረጉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ሥሩን ማላቀቅና እዚያው መልሶ ማስቀመጥ ነው። ጥቂቶች እንደሚያደርጉት ወደ ሌላ መስመር ገልብጦ መጣል ግን ቅጠሉን በጀርባው ያስተኛዋል፤ ተክሉም ቅጠሉን እስኪያስተካክል ቀናት ያባክናል።

ይህን ስንል ሐረገ ብዙ ዝርያ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። አረምን ቶሎ ይሸፍናል። የስኳር ድንች ቢራቢሮ አባጨጓሬ ማሳውን ሲግጠው ቶሎ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከበጋው ለዝናቡ የሚተርፍ የተከላ ሐረግም የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው፤ በደቡቡ ክፍል ደግሞ በልግ ሲዘገይ የሚጠፋው ነገር መሬት ሳይሆን ሐረግ ነው። ለከብት መኖና ለተከላ የሚፈልገው ሰው አውቆ ይምረጠው፤ ርቀቱን ግን ያስፋ። ቁጥቋጦማ የሆነው ዝርያ በመስመር መካከል 60 ሴንቲ ሜትር ሲበቃው፣ ተንፏቃቂው ከ75 እስከ 100 ይፈልጋል። ለመኖ ሲቆረጥም በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት አይነካ፤ ከዚያ በኋላ ከጫፉ ከሲሶ ያልበለጠ ተወስዶ ቅጠሉ እስኪተካ ይቆይ። በየሳምንቱ የሚገረዝ ተክል ቅጠል ሲተካ ስለሚውል ድንቹ ሳይሞላ ይቀራል።

የቅጠሉ ቅርጽ

ይህ ብዙ አያከራክርም። የተሰነጣጠቀ ቅጠል ብርሃንን ወደ ታች በተሻለ ያሳልፋል የሚለው አስተሳሰብ መሠረት አለው፤ ልዩነቱ ግን ትንሽና ከቦታ ቦታ የሚለዋወጥ ነው። ቅጠለ ድፍን ሆነው ጥሩ የሚያፈሩም፣ ቅጠለ ስንጥቅ ሆነው ምንም የማይሰጡም ዝርያዎች አሉ። የቅጠል ቅርጽ፣ የአበባ መኖር፣ የልጣጭ ቀለም የሚጠቅሙት አንዱን ዝርያ ከሌላው ለመለየት ነው፤ ለዚያ በጣም ይጠቅማሉ፣ በተለይ ሐረግ ሻጭ የተደባለቀ ሸክም ሲያመጣ።

ፍግና ዩሪያ ሳይሰስቱ

ማሳውን በቀጥታ ከሚጎዱት ሁለት ምክሮች አንዱ ይህ ነው። ስኳር ድንች ናይትሮጅን ይፈልጋል፤ ግን መጀመሪያ ላይ ሲበዛበት ተክሉ ቅጠልና ሐረግ ማውጣቱን አያቆምም፣ ሥሩም ለመወፈር ይዘገያል። እንሰት ጓሮ አጠገብ፣ ፍግ ለዓመታት በተደፋበት መሬት ላይ የተተከለ ስኳር ድንች ጉልበት የሚደርስ ሐረግ አውጥቶ ከሥሩ እርሳስ የሚያህሉ ሥሮች ብቻ የሚገኙት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ዝርያውን ይረግማል፤ ያው ሐረግ ከጓሮው 50 ሜትር ርቆ በሳሳ መሬት ላይ ደህና ምርት እየሰጠ ሊሆን ይችላል።

ሒሳቡን እንየው። ጥሬ ስኳር ድንች ከክብደቱ 0.25 በመቶ ገደማ ናይትሮጅን ነው፤ በ100 ግራሙ ውስጥ ደግሞ 330 ሚሊ ግራም አካባቢ ፖታሲየም አለ። ከአንድ ሄክታር 200 ኩንታል ድንች ሲወጣ 50 ኪሎ ያህል ናይትሮጅንና ከ60 ኪሎ በላይ ፖታሲየም ከማሳው ተወስዷል ማለት ነው፤ ሐረጉም ለከብት ከሄደ ከዚህ ይበልጣል። ድንቹ ከናይትሮጅን የበለጠ ፖታሲየም እንደሚወስድ ልብ ይሏል። ስኳር ከቅጠል ወደ ሥር እንዲጓጓዝና ስታርች ሆኖ እንዲከማች የሚያግዘው እሱ ነው። ዩሪያ ደግሞ ናይትሮጅን ብቻ እንጂ ቅንጣት ፖታሲየም የለውም። ስለዚህ ሐረግና ድንች በየዓመቱ እየተወሰደበት ዩሪያ ብቻ የሚጨመርበት ማሳ ቅጠሉ እያማረ ምርቱ ይቀንሳል።

ለሳሳ መሬት በሄክታር ከ40 እስከ 60 ኪሎ ናይትሮጅን በቂ ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ለሩብ ሄክታር ከ22 እስከ 33 ኪሎ ዩሪያ ማለት ነው፤ ፍግ ከተጨመረ ከዚህ ይቀነሳል። ከተከላ 6 ሳምንት ካለፈ በኋላ ዩሪያ መጨመር አይመከርም። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ናይትሮጅኑን የሚለቀው ዘግይቶ፣ ድንቹ ሊሞላ ሲል ነው። የምድጃ አመድ ፖታሲየም አለው፤ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ቦታ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ጓሮው ቀድሞውኑ የለማ ከሆነ ምንም አይጨመር።

የድንቹ ቁጥር

እዚህ ላይ ጸሐፊው ለእውነቱ ቀርበው ነበር። የማሳ ምርት የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ እስከ ቁፋሮ የደረሰው የተክል ብዛት፣ በአንድ ተክል ላይ ያለው የድንች ብዛት፣ የአንዱ ድንች አማካይ ክብደት። በ60 በ30 ሴንቲ ሜትር ሲተከል በሄክታር 55,555 ተክል ይኖራል። እያንዳንዱ ተክል 150 ግራም የሚመዝኑ 4 ድንቾች ቢሰጥ 333 ኩንታል ይሆናል። 60 ግራም የሚመዝኑ 8 ድንቾች ቢሰጥ ግን 267 ኩንታል ነው፤ ያውም ገበያ የማያነሣው፣ ለመላጥ የሚያስቸግር ጭራሮ። ተክሉ የሚያከፋፍለው ስንቅ ውስን በመሆኑ ቁጥርና ክብደት ይሻማሉ። የምንፈልገው ከ3 እስከ 5 ደህና ድንቾች የሚቋጥርና ሁሉንም የሚሞላ ዝርያ ነው። ስለዚህ ሲመዘን ድንቹን ከ100 ግራም በላይና በታች ብሎ ለይቶ መመዘን ይገባል።

ከሦስቱ የመጀመሪያውን፣ የተክሉን ብዛት፣ ደግሞ ጽሑፉ ዘንግቶታል። 4 ድንች የሚሰጠው ማሳ ላይ ከመቶው ተክል 20 ሳይጸድቅ ቢቀር፣ ምርቱ ያው 267 ኩንታል ይሆናል። ጎረቤት ተክሎች የተለቀቀውን ቦታ በከፊል ስለሚጠቀሙበት ጉዳቱ ትንሽ ይቀላል እንጂ አይጠፋም። ዝርያ ለመለወጥ ከመሮጥ በፊት የጸደቀውን ተክል መቁጠር ይቀድማል።

ቁጥሩ የሚወሰንበትን ጊዜ ማወቅ ከሁሉም በላይ ይጠቅማል። የሐረጉ ቁራጭ ከተተከለ በኋላ ከተቀበሩት አንጓዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥር ይወጣል። ከእነዚህ ሥሮች አንዳንዶቹ፣ እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ውስጣቸው ያለው ካምቢየም የሚባል ሕብረ ሕዋስ እየተከፋፈለ መወፈር ይጀምራሉ፤ ድንች የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሌሎቹ ውስጣቸው እንጨትማ ይሆንና እርሳስ የሚያህል ውፍረት ላይ ይቆማሉ። የቀሩት ቀጭን ጸጉራም ሥር ሆነው ውኃ ይስባሉ። እንጨትማ የሆነ ሥር ወደ ኋላ ተመልሶ ድንች አይሆንም። ወደ እንጨትነት የሚገፉት ነገሮች የታወቁ ናቸው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የአፈር መድረቅ፣ የተረገጠና የጠነከረ አፈር፣ አየር የሚያሳጣ ውኃ መቋጠር፣ የናይትሮጅን መብዛት፣ እንደ በቆሎ ባለ ረጅም ሰብል ጥላ ሥር መዋል። በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ያልተቋጠረ ድንች በአራተኛው ወር ዝናብ አይመጣም። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው የተቋጠረውን ያሳድጋል፤ ቁጥሩን ግን ብዙም አይለውጠውም።

ጽሑፉ ያላነሣው አንድ ጥሩ መለያ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የአንጓ ርቀት። ሥር የሚወጣው ከአንጓ ስለሆነ፣ አንጓው የተቀራረበ ዝርያ በ30 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ላይ ብዙ አንጓ ይይዛል፤ ሲተከልም ብዙ አንጓ አፈር ውስጥ ይገባለታል። አንጓው የተራራቀ ረጅም ሐረግ በተመሳሳይ ቁራጭ ጥቂት አንጓ ብቻ ይቀብራል። ስለዚህ ቁራጭ በሴንቲ ሜትር ብቻ አይለካ፤ አንጓውም ይቆጠር። ቢያንስ 3 ወይም 4 አንጓ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። ለዚህም ቁራጩን ቀጥ አድርጎ ከመውጋት አጋድሞ፣ ከርዝመቱ ግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛውን መቅበር ይሻላል።

ቁራጩ ከየት ይወሰድ ለሚለው መልሱ አንድ ነው፤ ከጫፍ። የመሀሉ ቁራጭ ሐረግ ሲያጥር ብቻ ይሠራበታል። የሥሩን፣ ያረጀውንና እንጨት የሆነውን ክፍል መትከል ሁለት ኪሳራ አለው፤ ሥር ለመስደድ ይዘገያል፣ የስኳር ድንች ነቀዝም እንቁላሉን የሚጥለው በዚሁ ባረጀ ግንድ ላይ ስለሆነ ተባዩን በገዛ እጅ ወደ አዲሱ ማሳ መሸከም ይሆናል። የተቆረጠው ሐረግ የታችኛው ግማሽ ቅጠሉ ተመልጦ፣ ቁርጡ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ሣር ተሸፍኖ በጥላ ሥር አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢያድር አንጓው ሥር ማውጣት ስለሚጀምር አይጎዳም። ከ3 ቀን ሲያልፍ ግን ለመጽደቅ የሚያስፈልገውን ስንቅ ይጨርሳል። መደቡ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የለሰለሰ ይሁን። ያልጸደቀው በ2 ሳምንት ውስጥ ይተካ፤ ከዚያ ዘግይቶ የተተካ ተክል በጎረቤቶቹ ጥላ ይዋጣል። ኩትኳቶው ከ3 እስከ 4 ሳምንት፣ አፈር ማስታቀፉ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሐረጉ መሬቱን ሳይሸፍን ይለቅ። ዘግይቶ የገባ ዶማ የሚቆርጠው አረሙን ብቻ አይደለም።

ብርቱካናማው

ብርቱካናማው ምርት የለውም የሚለው አባባል ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል፤ የእርጥብ ድንቹን ክብደትና በውስጡ ያለውን ደረቅ ይዘት። የሥጋው ቀለም የእርጥቡን ክብደት አይወስንም። ብርቱካናማ ሆነው በኩንታል ከነጩ የሚስተካከሉ ወይም የሚበልጡ ዝርያዎች አሉ። እውነት የሆነው ሌላ ነው፤ ብርቱካናማዎቹ ብዙ ጊዜ ውኃቸው ይበዛል። አንዱ ማሳ 33 በመቶ ደረቅ ይዘት ያለው 200 ኩንታል ነጭ፣ ሌላው 24 በመቶ ያለው 250 ኩንታል ብርቱካናማ ቢያስገኙ፣ ደረቁ 66 እና 60 ኩንታል ይሆናል። በኩንታል ለሚሸጥ ሰው ሁለተኛው ያዋጣል፤ ቀቅሎ ለሚበላና ሆድ የሚይዝ ለሚፈልግ የመጀመሪያው ይሻላል። እንደ ሐዋሳ-83 ያለ ነጭ ዝርያ ሲቀቀል የሚፈረፈር ስለሆነ በገበሬው ዘንድ የሚወደደውም፣ እንደ ኩልፎና ቱላ ያሉ ብርቱካናማዎች በሕፃናት የሚወደዱትም ከዚሁ ይዘት የተነሣ ነው።

ደግሞስ የብርቱካናማው ዓላማ ኩንታል ብቻ ነው እንዴ? ደህና ቀለም ያለው 125 ግራም ያህል ድንች ከ5 ዓመት በታች ያለን ሕፃን የዕለት የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. የ2016 የዓለም ምግብ ሽልማት ለተመራማሪዎቹ ለማሪያ አንድራዴ፣ ለሮበርት ምዋንጋና ለጃን ሎው፣ ከሃዋርት ቡይስ ጋር በአንድነት የተሰጠውም ይህን መሰል ሥራ በመሥራታቸው ነበር። ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ የነበረው ሌላ ድክመት አለ፤ ከውጭ የገቡ አንዳንድ ብርቱካናማ ዝርያዎች ለቫይረስ ይጋለጣሉ። ያንን ቢሉ ኖሮ ክርክር አይኖርም ነበር።

ከጥሩ ተክል መርጦ መትከል

ሁለተኛው ጎጂ ምክር ይህ ነው፤ ጎጂ የሚያደርገውም ተግባሩ ሳይሆን የተሰጠው ምክንያት ነው። ጽሑፉ ትልልቅ ድንች ከሰጠ ተክል ሐረግ መቁረጥ እንደ በቆሎ ወይም እንደ ጤፍ ዘር መረጣ ዝርያውን ያሻሽላል ይላል። ስኳር ድንች በሐረግ ሲባዛ እያንዳንዱ ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ነው። በአንድ ዝርያ ማሳ ውስጥ ያሉ ተክሎች በሙሉ፣ ትልቅ ድንች የሰጠውም ያልሰጠውም፣ በዘር አንድ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ፍግ የተቀበረበት ቦታ፣ የጠፋ ጎረቤት፣ በደንብ የተቀበረ አንጓ ወይም በሽታ ነው። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሐረግ አይተላለፉም። አዲስ ዝርያ የሚገኘው በአበባ ማዳቀል ከሚመጣ ዘር ነው፤ ስኳር ድንች 90 ክሮሞዞም ያለው፣ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የማያፈራ ተክል ስለሆነ ከአንድ እናት የተገኙ ዘሮች እንኳ እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ያ የምርምር ማዕከላት ሥራ ነው።

አራተኛው፣ በሽታው፣ ግን በሐረግ ይተላለፋል። ምርትን ከምንም በላይ የሚያወርደው ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ነው፤ አንዱን ክሽክሽ፣ ሌላውን ነጭ ዝንብ ያመላልሳቸዋል። አንደኛው ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ሁለቱ ሲገናኙ ተክሉ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ ጠቦ ይጨማደዳል፣ ይገረጣል ወይም ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፤ ምርቱም ከግማሽ በላይ፣ አንዳንዴ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ከታመመ ተክል የተቆረጠ ሐረግ ታሞ ይወለዳል። ስለዚህ ከጤነኛ ተክል መምረጥ ግዴታ ነው፤ የሚያስገኘው ግን ዝርያው ከነበረበት እንዳይወርድ እንጂ ከነበረበት እንዲያልፍ አይደለም። ይህን የማያውቅ አምራች በየዓመቱ ትልቁን ድንች እያየ ይመርጣል፤ ምልክት የሌለው ቫይረስ ግን ቀስ በቀስ ይከማቻል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም «ዝርያው አረጀ» ይላል። ዝርያ አያረጅም፤ ሐረጉ ታሟል።

መረጣው በቁፋሮ ቀን ከተጀመረ ዘግይቷል፤ ያን ጊዜ የማን ሐረግ ከማን እንደሆነ አይለይም። በመጀመሪያው ወር ማሳውን ዞሮ የቀጨጨውንና ቅጠሉ የተጨማደደውን ነቅሎ ማስወገድ፤ ሐረጉ ሳይጠላለፍ ጤነኛ በሆኑት ዘንድ ካስማ መትከል፤ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ አይቶ ምልክት ያወጣውን ካስማውን መንቀል። በቁፋሮ ጊዜ ካስማ ካላቸው መካከል ድንቹ ደህና የሆነውን መርጦ ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ። ማሳው በሙሉ ከተበከለ ግን ምርጫ አያድንም፤ በቲሹ ካልቸር (በቤተ ሙከራ ከትንሽ የተክል ቁራጭ በማባዛት) የጸዳ ወይም በመረብ ውስጥ የተባዛ ሐረግ ማምጣትና ከአሮጌው ማሳ አርቆ መትከል ያስፈልጋል።

ዘግይቶ የሚደርሰውና የመሬት ጎተራ

ከ3 እስከ 4 ወር የሚደርስ ዝርያ አለ፤ ከ5 እስከ 6 ወር የሚወስድም አለ። ከፍታ ሲጨምርና ሲቀዘቅዝ ሁሉም ይዘገያል፤ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላ በ4 ወር የሚደርሰው ከ2,000 ሜትር ከፍታ አጠገብ ብዙ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ «ዘግይቶ የሚደርስ ሁልጊዜ» የሚለው ቃል የዝናቡን ርዝመት ሳያዩ የማይነገር ነው። በመስከረም ወይም በጥቅምት በቀሪ እርጥበት ለሚተክል ሰው፣ የ6 ወር ዝርያ ድንች ሊሞላ ሲል አፈሩ ይደርቅበታል።

መሬት ውስጥ ማቆየቱም የሚያበቃው ነቀዙ ሲመጣ ነው። ነቀዙ አፈር መቆፈር አይችልም፤ የሚገባው ድንቹ ሲያብጥና አፈሩ ሲደርቅ በሚፈጠረው ስንጥቅ ነው። ሙቀት ባለበት አንድ ትውልዱን በወር ገደማ ስለሚጨርስ፣ በደረቅ ወራት እያንዳንዱ ተጨማሪ ወር አንድ ትውልድ ይጨምራል። በጥቂቱ የተበላ ድንችም ራሱን ለመከላከል የሚያወጣው መራራ ነገር በሙሉ ስለሚያመርረው ሰውም ከብትም አይበላውም። ማቆየት ለሚፈልግ ሰው የሚጠቅመው የተክል መለያ ሌላ ነው፤ ድንቹን ከግንዱ ጋር የሚያገናኘው አንገት ረዘም ያለና ድንቹ ጠለቅ ብሎ የሚቀመጥ ዝርያ፣ ከላይ ተሰብስቦ አፈር ሰንጥቆ ከሚታየው በጣም ይሻላል። ለመቆፈር ያደክማል፣ እሱ ዕዳው ነው። ስንጥቁንም በየጊዜው አፈር እያስታቀፉ መድፈን ያስፈልጋል።

መድረሱን ለማወቅ ከ90ኛው ቀን ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ ከተለያየ ቦታ 3 ወይም 4 ተክል ቆፍሮ መመዘን ነው። ክብደቱ መጨመሩን ሲያቆም ወይም አፈሩ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ከሁለቱ አንዱ እንደቀደመ ሌላውን ሳይጠብቁ ማውጣት። ለተከላ የሚፈለገው የጫፍ ሐረግ መጀመሪያ ተቆርጦ ወደ ጥላ ወይም ወደ ማቆያ መደብ ይሂድ። የቀረው ሐረግ ከቁፋሮው 5 ወይም 7 ቀን በፊት ይታጨድ፤ ልጣጩ ይጠነክራል፣ በጆንያ ሲጓጓዝም እየተላጠ አይበላሽም።